መለኪያውን መጀመሪያ መፈተን፦ ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል የሳይንስ ተማሪዎች የልኬት መመሪያ

ደብረ ማርቆስ ገበያ ላይ ከሁለት ነጋዴዎች አንድ አንድ ጣሳ ጤፍ ገዝታችሁ ቤት ስትደርሱ በአንድ ዕቃ ብትሰፍሩት እኩል ላይመጣ ይችላል። የአንዱ ጣሳ ጎኑ ገብቷል። አንዱ ሻጭ እስከ አፉ ሲሞላ ሌላው ከምሮ ይሰጣል። ጣሳው መታ መታ ከተደረገ ደግሞ ጤፉ ይጠቀጠቅና የበለጠ ይይዛል። ሁለቱም የሸጡት ግን «አንድ ጣሳ» ነው። ክንድና ስንዝርም እንዲሁ ናቸው፤ የአባትና የልጅ ክንድ አንድ አይደለም። ጥማድ መሬትም በሬዎቹ ከበረቱና አፈሩ ካልከበደ ይሰፋል። እነዚህ መለኪያዎች ሰውን ለዘመናት አኑረዋልና አይናቁም፤ ለሳይንስ ግን አይበቁም። በሳይንስ ቡሬ ያለች ተማሪ የለካችውን ሞጣ ያለ ተማሪ መልሶ ሲለካው ያው ቁጥር መምጣት አለበት።

ለዚህ የጋራ አሃድ ያስፈልጋል፦ ለርዝመት ሜትር፣ ለመጠነ ቁስ ኪሎግራም፣ ለጊዜ ሰከንድ። ይህን መማሪያ መጽሐፋችሁ በደንብ ይነግራችኋል። ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ሌላው ነገር ነው፤ መሣሪያውን ከማመን በፊት መፈተን። ማስመሪያ ይበላል፣ ሚዛን ይዛባል፣ ቴርሞሜትር ይሳሳታል። መሣሪያን የምንፈትነው ዋጋውን አስቀድመን በምናውቀው ነገር ነው። ውኃ፣ በረዶ፣ የሚወዛወዝ ድንጋይና አንድ ወረቀት ለዚህ ሥራ ይበቃሉ። ትምህርት ቤታችሁ ቤተ ሙከራ ባይኖረውም ከዚህ በታች ያለውን አብዛኛውን መሥራት ትችላላችሁ።

የሚያስፈልገው፦ ባለ 30 ሴ.ሜ የእንጨት ማስመሪያ፣ አዲስና መርፌ የሌለው ባለ 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ከፋርማሲ (ያገለገለ ሲሪንጅ ፈጽሞ አትንኩ)፣ ባዶ የውኃ ሃይላንድ፣ ሁለት ተመሳሳይና ጥልቀት ያላቸው የፕላስቲክ ክዳኖች፣ ሲባጎ፣ ፌስታል፣ ደረቅ አሸዋ፣ ማርከር፣ ናስትሮ፣ አንድ ኤ4 ወረቀት፣ ሰዓት ወይም ስልክ።

ርዝመት

የማስመሪያችሁን ጫፍ እዩ። ዜሮው መስመር ከጫፉ ገባ ብሎ የሚጀምርበት ማስመሪያ አለ፤ ጫፉ ራሱ ዜሮ የሆነም አለ። ሁለተኛው ሲቆይ ጫፉ ይበላና 1 ወይም 2 ሚ.ሜ ይጎድላል። ስለዚህ ከ1 ሴ.ሜ መስመር ጀምራችሁ ለኩ፤ መጨረሻ ላይ 1 መቀነስ ግን አትርሱ። 1 ሳይቀንሱ መቅረት በክፍል ውስጥ ደጋግሞ የሚታይ ስህተት ነው።

ዓይናችሁ ከሚነበበው መስመር ትክክል ፊት ለፊት ይሁን። ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ዘንበል ብላችሁ ስታዩ መስመሩ ቦታውን የለቀቀ ይመስላል። ይህን በአንድ ደቂቃ ማረጋገጥ ይቻላል፤ እርሳስ ከማስመሪያው ጎን አቁሙና ጭንቅላታችሁን ግራና ቀኝ እያንቀሳቀሳችሁ ጫፉን አንብቡ። ማስመሪያው ወፍራም ከሆነ ልዩነቱ 2 ሚ.ሜ ሊደርስ ይችላል። መድኃኒቱ የማስመሪያውን ጠርዝ ከዕቃው ጋር ማነካካት ነው።

በጣም ትንሽ ነገር በሚሊሜትር ማስመሪያ እንዴት ይለካል? ብዙውን አንድ ላይ ለክቶ በማካፈል። ጤፍን እንውሰድ፦

1. አንድ ወረቀት እጠፉና መልሳችሁ ዘርጉት፤ እጥፋቱ ቦይ ይሆናል።
2. 20 የጤፍ ፍሬዎች በቦዩ ውስጥ አንዱ ሌላውን እየነካ በቁመታቸው ደርድሩ። በእርጥብ የስንዴ አገዳ ጫፍ ማንሳት ይቀላል።
3. የሰልፉን ጠቅላላ ርዝመት ለክታችሁ ለ20 አካፍሉ።

የአንዱ ፍሬ ቁመት 1 ሚ.ሜ ገደማ ወይም ትንሽ በለጥ ብሎ ይመጣል። ማስመሪያውን ስታነቡ ግማሽ ሚሊሜትር ብትሳሳቱ ስህተቱም ለ20 ስለሚካፈል ለአንድ ፍሬ 0.025 ሚ.ሜ ብቻ ይደርሰዋል። የዘዴው ጉልበት እዚህ ላይ ነው። የወረቀት ውፍረትም እንዲሁ ይለካል፤ 100 ቅጠል ተጭኖ 1 ሴ.ሜ ከሆነ አንዱ 0.1 ሚ.ሜ ነው።

የባሕር ዛፍ ግንድን ውፍረት ለማወቅ ዙሪያውን በሲባጎ ለክታችሁ ለ3.14 አካፍሉ። የሹራብ ክር ስለሚሳብ አይሆንም። ሲባጎው በግንዱ ጀርባ በኩል ወደ ታች ከወረደም ዙሪያው ይበልጥባችኋል።

ትምህርት ቤታችሁ ቬርኒየር ካሊፐር (ዕቃን በሁለት መንጋጋ ይዞ በተንሸራታች መለኪያ የሚለካ መሣሪያ) ካለው እንዲህ ይነበባል። የተንሸራታቹ ዜሮ ያለፈውን የመጨረሻ መስመር በዋናው መለኪያ ላይ አንብቡ፤ 2.3 ሴ.ሜ ይሁን። ቀጥሎ ከተንሸራታቹ መስመሮች ከዋናው ጋር ልክ የገጠመውን ፈልጉ፤ 6ኛው ከሆነና መሣሪያው እስከ 0.1 ሚ.ሜ የሚለካ ከሆነ ውጤቱ 2.36 ሴ.ሜ ነው። ከመለካታችሁ በፊት መንጋጋዎቹን ግጠሙ። ሁለቱ ዜሮዎች ካልተጋጠሙ ልዩነቱን ጻፉና ከውጤታችሁ ሁሉ አርሙ።

ይዘት

ቤተ ሙከራ ያለው ልኬት የተጻፈበት ሲሊንደር ካላችሁ ደልዳላ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ ዓይናችሁን ወደ ውኃው ገጽ ዝቅ አድርጉ። ዕቃውን ወደ ዓይን ማንሳት ልክ አይደለም፤ እጅ ያዘነብለዋል። ውኃ በብርጭቆ ውስጥ ጠርዝ ጠርዙን ሽቅብ ስለሚወጣ ገጹ መሐሉ ጎድጎድ ይላል፤ የሚነበበው የጎድጓዳው ታችኛ ክፍል ነው። ጠርዙን ያነበበ ሁልጊዜ ያበዛል።

ሲሊንደር ከሌለ ሥሩት፦

1. ሃይላንዱን ከትከሻው በታች፣ ጎኑ ቀጥ ካለበት ቦታ ቁረጡ። የተቆረጠውን ጠርዝ በናስትሮ ሸፍኑት፤ እጅ ይቆርጣል።
2. ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ የወረቀት ቁራጭ ለጥፉና በናስትሮ ሸፍኑ።
3. ሲሪንጁን ውኃ ውስጥ ነክራችሁ ሳቡ፤ ጫፉን ሽቅብ አድርጋችሁ በጣት መታ መታ እያደረጋችሁ የአየር አረፋውን አስወጡ፤ ከዚያ ልክ 10 ላይ አቁሙ። የሚነበበው ወደ ጫፉ በኩል ያለው የጥቁሩ ጎማ ጠርዝ ነው።
4. 10 ሚሊ ሊትር ጨምሩ፣ ገጹ እስኪረጋ ጠብቁ፣ መስመር አስምሩ። እንደገና 10 ጨምሩ፣ አስምሩ፤ እስከ 200 ሚሊ ሊትር ቀጥሉ።

እዚህ ላይ አቋራጭ አለ፤ የሚያሳስትም እሱ ነው። 200 ሚሊ ሊትር ላይ አንድ መስመር አስምሮ የቀረውን በማስመሪያ እኩል እኩል መከፋፈል። የሃይላንድ ታች ወደ ውስጥ የተጎዳጎደ ነው፤ ጎኑም ብዙ ጊዜ ሸንተረር አለው። የመጀመሪያው 10 ሚሊ ሊትርና አሥረኛው ውኃውን እኩል ከፍ አያደርጉትም። መስመሮቻችሁ እኩል ካልተራራቁ አትደንግጡ፤ መሆን ያለበት ነው።

የድንጋይ ይዘት የሚለካው በተገፋው ውኃ ነው። 60 ሚሊ ሊትር ውኃ ጨምሩ፤ ድንጋዩን በክር አስራችሁ ቀስ ብላችሁ አስገቡ፤ ውኃው 84 ላይ ከደረሰ ይዘቱ 24 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 24 ኪዩቢክ ሴ.ሜ ነው። ድንጋዩ ሙሉ በሙሉ መስመጥ አለበት። የተቦረቦረ ጥቁር ድንጋይ አየር ይዞ ስለሚገባ፣ ቆይቶም ውኃ ስለሚጠጣ ለመጀመሪያ ልምምድ አይመችም፤ ከወንዝ ዳር ለስላሳ ጠጠር ምረጡ።

ይህን ዕቃ ከጨረሳችሁ በኋላ ቤት ያለውን ጣሳ ውኃ ሞልታችሁ ለኩት። የጎረቤትንም እንዲሁ። ጎጃም ውስጥ ያሉ ተማሪዎች ሁሉ ይህን ቢሠሩ ደስ ይለናል፤ ከዚህ የሚበልጥ የአሃድ ትምህርት የለም።

መጠነ ቁስ

መጠነ ቁስ በዕቃው ውስጥ ያለው ቁስ ብዛት ነው፤ በግራም ይለካል። ክብደት መሬት ዕቃውን የምትስብበት ኃይል ነው፤ በኒውተን ይለካል። 100 ግራም ዕቃ ወደ 1 ኒውተን ይመዝናል። ገበያ ላይ ሁለቱን ለይቶ የሚናገር የለም፤ ፈተና ላይ ግን ይለያያሉ።

ኪሎግራም ራሱ እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ ፓሪስ አጠገብ ተቆልፎ በሚቀመጥ የፕላቲነምና የኢሪዲየም ቅይጥ ብረት ነበር የሚወሰነው። ከግንቦት 12 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ግን የፕላንክ ቋሚ በሚባለው የተፈጥሮ ቁጥር ላይ ቆሟል። የእኛ መነሻ ቀላል ነው፤ 1 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውኃ 1 ግራም ነው። በክፍል ሙቀት ልዩነቱ ከሺህ ሁለትና ሦስት እጅ አይበልጥም።

ሚዛኑን ሥሩ፦

1. ማስመሪያውን በጠርዙ አቁማችሁ 15 ሴ.ሜ ላይ፣ ወደ ላይኛው ጠርዝ ቀረብ አድርጋችሁ ቀዳዳ አብጁ። ጫፎቹም ላይ 1 ሴ.ሜና 29 ሴ.ሜ ላይ፣ ከመሐለኛው ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ ብሱ። በጋለ ምስማር ከሆነ ትልቅ ሰው ይሥራው።
2. በመሐለኛው ቀዳዳ ክር አስገብታችሁ ከበር እጀታ ወይም ከወንበር ጀርባ አንጠልጥሉ።
3. ክዳኖቹን እያንዳንዳቸውን በሦስት እኩል ክሮች ከጫፎቹ አንጠልጥሉ።
4. አንዱ ወገን ካዘነበለ በቀለለው ላይ ትንሽ ሰም ወይም ጭቃ እየለጠፋችሁ አስተካክሉ።

ማስመሪያው ተገልብጦ አልቆም ካለ መሐለኛው ቀዳዳ ከጫፎቹ ዝቅ ብሏል ማለት ነው፤ ከፍ አድርጋችሁ እንደገና ብሱ። መስኮትና በር ዝጉ፤ ጥቂት ነፋስ ይበቃዋል።

ፈተናው ሁለት ነው። አንደኛ፣ ዕቃና ማመዛዘኛውን (መጠነ ቁሱ የታወቀውን ነገር፤ አሠራሩ ከታች አለ) ቦታ አቀያይሩ። በግራ 20 ግራም የነበረው በቀኝ 22 ከሆነ የሚዛኑ ክንዶች እኩል አይደሉም። ቀዳዳውን ማስተካከል ካልቻላችሁ ሁልጊዜ በሁለቱም ወገን መዝናችሁ አማካዩን ውሰዱ። ሁለተኛው ፈተና ወረቀት ነው። በማሸጊያው ላይ 80 ግራም የሚል ወረቀት አንድ ካሬ ሜትሩ 80 ግራም ነው ማለት ነው። ኤ4 ደግሞ የካሬ ሜትር አንድ አሥራ ስድስተኛ ያህል ስለሆነ አንዱ ቅጠል 5 ግራም ይመጣል። አንዱን ቅጠል አጥፋችሁ በአንዱ ክዳን፣ 5 ሚሊ ሊትር ውኃ በሌላው አድርጉ። ሚዛኑ ከተስተካከለ ሲሪንጁም ሚዛኑም በአንድ ጊዜ ተፈተኑ። ወረቀቱን አምስት እኩል ቦታ ከቆረጣችሁት ባለ 1 ግራም ማመዛዘኛዎች አገኛችሁ።

ለትልልቆቹ በቀኝ ክዳን 10 ሚሊ ሊትር ውኃ በሲሪንጅ ጨምሩ። በግራ የፌስታል ቁራጭና ማሰሪያውን አስቀምጣችሁ እስኪስተካከል አሸዋ ጨምሩ። ስታስሩት ፌስታሉ፣ ክሩና አሸዋው አንድ ላይ 10 ግራም ናቸው። ማሰሪያውን ከተመዘነ በኋላ የሚጨምር ሰው ማመዛዘኛውን ያከብደዋል። አንድ ባለ 10ና ሁለት ባለ 20 ሥሩ፤ በወረቀቶቹ ታግዛችሁ እስከ 50 ግራም ትመዝናላችሁ። አሸዋው እርጥብ ከሆነ ሲደርቅ ይቀላል፤ ስለዚህ ቀድማችሁ ፀሐይ ላይ አስጡት።

አሁን ማርን ለኩ። ባዶውን ሲሪንጅ መዝኑ፤ 10 ሚሊ ሊትር ማር ቀስ ብላችሁ ሳቡ፤ ውጭውን ጠርጋችሁ እንደገና መዝኑ። ልዩነቱን ለ10 ስታካፍሉ የማሩን እፍግታ ታገኛላችሁ፤ በሚሊ ሊትር 1.4 ግራም ገደማ። የምግብ ዘይት 0.9 አካባቢ ይመጣል። ማሩ ከ1.4 በጣም ካነሰ መጀመሪያ የአየር አረፋን ጠርጥሩ፤ አረፋ ከሌለ ማሩ ውኃ በዝቶበታል። ይህ ልኬት ግን የስኳር ሽሮፕ የተቀላቀለበትን ማር አይለይም፤ ወፍራም ሽሮፕም ያንኑ ያህል ሊመዝን ይችላል። አንድ መሣሪያ የማይመልሰውን ጥያቄ ማወቅም የልኬት ዕውቀት ነው።

ጊዜ

የሰው ጣት ስልክ ላይ ያለውን ሰዓት ለማስነሳትም ለማቆምም ወደ 0.2 ሰከንድ ይዘገያል። አንድ ውዝዋዜን ብቻ መለካት ስለዚህ ከንቱ ነው፤ 20ውን ለክታችሁ አካፍሉ።

ትንሽ ድንጋይ በሲባጎ አንጠልጥሉ። ከታሰረበት ነጥብ እስከ ድንጋዩ መሐል 24.8 ሴ.ሜ ይሁን፤ እስከ ድንጋዩ አናት ብቻ መለካት ውጤቱን ያበላሻል። ጥቂት ገፋ አድርጋችሁ ልቀቁት። ሄዶ መልሶ መምጣቱ አንድ ውዝዋዜ ነው። ስትለቁ «ዜሮ» በሉ፤ «አንድ» ብሎ የጀመረ ሰው 19 ቆጥሮ 20 ይላል። 20 ውዝዋዜ 20 ሰከንድ መሆን አለበት። ክሩን 99 ሴ.ሜ ገደማ ካደረጋችሁት ደግሞ 10 ውዝዋዜ 20 ሰከንድ ይፈጃል። ድንጋዩን በከባድ ብትለውጡት ጊዜው አይለወጥም፤ ርዝመቱ እስከ ድንጋዩ መሐል ያው መሆኑን ብቻ አረጋግጡ። በጣም አርቃችሁ ከለቀቃችሁት ግን ትንሽ ይዘገያል።

መጠነ ሙቀት

የቤተ ሙከራ ቴርሞሜትር ብዙውን ጊዜ ከዜሮ በታች ጀምሮ 110 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይደርሳል። የትኩሳት ቴርሞሜትር የሚለካው ከ35 እስከ 42 ብቻ ስለሆነ ሙቅ ውኃ ውስጥ ከገባ ይሰበራል። የትኩሳቱ ይራገፋል፤ የቤተ ሙከራው አይራገፍም፣ ከውኃው አውጥቶም አይነበብም። ሜርኩሪ ያለበት ከተሰበረ አትንኩት፣ በመጥረጊያም አትጥረጉት፤ መስኮት ከፍታችሁ ውጡና ለመምህር ንገሩ።

በበረዶ ፈተና፦ የተፈጨ በረዶ ብርጭቆ ሞልታችሁ ክፍተቱን እስኪሞላ ብቻ ውኃ ጨምሩ፣ አማስሉ፣ 3 ደቂቃ ጠብቁ። 0 ማሳየት አለበት። በክረምት የወረደ ንጹሕ በረዶም ያገለግላል።

በፈላ ውኃ ፈተና ላይ ግን የጎጃም ተማሪ በጣም ይጠንቀቅ። መጽሐፉ ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ይላል፤ ይህ ለባሕር ጠለል ነው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ በየ300 ሜትሩ ወደ 1 ዲግሪ ይወርዳል። 1800 ሜትር ላይ ያለችው ባሕር ዳር 94 አካባቢ፣ ከ2400 ሜትር በላይ ያለችው ደብረ ማርቆስ 92 አካባቢ፣ ከ4000 ሜትር የሚያልፈው የጮቄ ራስ ላይ ደግሞ ከ86 እስከ 87 ይሆናል። ደጋ ላይ ባቄላ ለመብሰል የሚቆየውም ለዚህ ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ ቴርሞሜትሩ 92 ሲያሳይ «ተበላሽቷል» ብሎ መጣል ወይም በደብተር ላይ 100 ብሎ መጻፍ ሁለቱም ጥፋት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ይብሳል፣ ያላዩትን መጻፍ ነውና።

የቴርሞሜትሩ አምፖል የድስቱን ታች አይንካ፤ ብረቱ ከውኃው ይግላል። በበረዶ 1፣ በፈላ ውኃ 93 ካሳየ (ደብረ ማርቆስ ላይ) ሁልጊዜ 1 ያበዛልና ካነበባችሁት 1 ቀንሱ።

አመዘጋገብ

ከመለካታችሁ በፊት ሠንጠረዥ አስምሩ፤ አሃዱ በዓምዱ ራስ ላይ ይጻፍ። እያንዳንዱን ሦስት ጊዜ ለኩ። 12.4፣ 12.5፣ 12.4 ሴ.ሜ ከመጣ አማካዩ 12.4 ነው፤ ካልኩሌተሩ ያወጣውን 12.43333 መገልበጥ ማስመሪያው ያላየውን ማስመሰል ነው። 12.4፣ 15.1፣ 12.5 ከመጣ 15.1ን በላጲስ አታጥፉ፤ አንድ መስመር ሰርዙበት፣ ምክንያቱን ጻፉ፣ አንዴ ጨምራችሁ ለኩ።

ሦስቱም ቁጥሮች መቀራረባቸው ትክክል ናቸው ማለት አይደለም። በተበላ ማስመሪያ ደጋግሞ የለካ ሰው እርስ በርሳቸው የሚስማሙ የተሳሳቱ ቁጥሮች ያገኛል። ይህን የሚያጋልጠው መሣሪያውን መፈተን ብቻ ነው።

ክረምቱን ሙሉ የሚሠራ ልኬት፦ ዝናብ

አፉና ታቹ እኩል የሆነ ቀጥ ያለ ቆርቆሮ ጣሳ ፈልጉ። ከዛፍና ከቤት ቢያንስ የቁመታቸውን እጥፍ ያህል አርቃችሁ፣ አፉ በውኃ ልክ ተስተካክሎ እንዳይወድቅ በድንጋይ አስደግፉት። ከመሬት ትንሽ ከፍ ይበል፤ አለዚያ ከመሬት የሚፈናጠር ጭቃና ውኃ ይገባበታል። በየቀኑ በአንድ ሰዓት፣ ለምሳሌ ጠዋት 3 ሰዓት አንብቡ፤ ዘግይቶ ማንበብ ፀሐይ እንዲወስደው መተው ነው።

ጥቂት ዝናብን በማስመሪያ ማንበብ ስለሚያስቸግር ውኃውን ወደ ሠራችሁት ዕቃ ገልብጡና በሲሪንጅ አሟሉ። የጣሳው አፍ በመሐሉ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ 10 ሴ.ሜ ከሆነ ስፋቱ 78.5 ካሬ ሴ.ሜ ነው፤ 1 ሚ.ሜ ዝናብ 7.85 ሚሊ ሊትር ይሆናል። 94 ሚሊ ሊትር ካገኛችሁ 94ን ለ7.85 አካፍሉ፤ 12 ሚ.ሜ ጥሏል። ይህም በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ 12 ሊትር ውኃ ማለት ነው።

ዝናብ ያልጣለበት ቀን 0 ተብሎ ይጻፋል። ሳታነቡ የቀራችሁበት ቀን ደግሞ «አልተነበበም» ተብሎ ይጻፋል። በባዶው ቦታ ላይ 0 ከገባ የነሐሴ ድምር ሲሠራ ያልተለካው ቀን ዝናብ እንዳልነበረው ይቆጠራል።